ስለ ኪንታሮትና በቤት ስለሚደረግለት ሕክምና
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ከወባና ከሳንባ ነቀርሳ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ አነስተኛ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በጣት፣ በመዳፍ፣ በጉልበትና በውስጥ እግር ላይ ስለሚወጣው ስለ ኪንታሮት ነው። ርእሱን ሲሰሙ ፈገግ የሚሉ አድማጮች እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ሆኖም እስከ መጨረሻው ቢታገሡኝ፣ ይህን ትንሽ ነገር ከልክ በላይ በማካበድም ሆነ በማቃለል ስንት ጉዳት እንደሚደርስ ይረዱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በቋንቋችን ኪንታሮት የሚለው ቃል ፈጽሞ የማይዛመዱ ሁለት ሕመሞች መጠሪያ ሆኗል። አንደኛው ዛሬ የምንነጋገርበት በቆዳ ላይ የሚወጣው ሻካራ እብጠት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በመቀመጫ አካባቢ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣው ሕመም ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጣቱ ላይ ኪንታሮት ወጥቶበት ሳለ፣ ሥራ በዝቶበት ስለ ነበር ተላላኪውን፣ «የኪንታሮት መድኃኒት ግዛልኝ» ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ላከው። ተላላኪውም ቅባት ገዝቶ መጣ፤ ባልደረባዬም ሳይጠራጠር 3 ሳምንት ሙሉ ጣቱን ቀባው። አንድ ቀን ግን ከመድኃኒቱ ጋራ የመጣውን መመሪያ ገልጦ ሲያነብ፣ ቅባቱ የተሠራው ለጣት ሳይሆን ለመቀመጫ መሆኑን ተረዳ። እኛም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ነገር ግን ስም ማሳሳት ሁልጊዜ በሳቅ አያልቅም፤ የዚህን ማስረጃ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ግን መድኃኒት ቤት ስትገቡ «የእጅ ኪንታሮት» ወይም «የእግር ኪንታሮት» ብላችሁ፣ የሚቻል ከሆነም ቦታውን አሳይታችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።

እንግዲህ ኪንታሮት ከምን ይመጣል? ምክንያቱ ቫይረስ የሚባለው፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ረቂቅ ተውሳክ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1907 ጁሴፔ ቹፎ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ከኪንታሮት ላይ የወሰደውን ቁራጭ አድቅቆ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጠለለና ፈሳሹን በገዛ እጁ ቆዳ ውስጥ አስገባው። ከወራት በኋላም በዚያው ቦታ ኪንታሮት በቀለበት። በዚህም ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑንና አምጪውም ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር መሆኑን አስመሰከረ። ዛሬ ሊቃውንት የዚህን ቫይረስ ቤተ ሰብ ከ200 በሚበልጡ ዓይነቶች ለይተውታል፤ ከነዚህም ጥቂቶቹ በእጅና በእግር ላይ ኪንታሮት የሚያወጡት ናቸው።

ቫይረሱ የሚገባው ዐይን በማያየው ትንሽ ጭረት ነው። ጥፍሩን የሚነክስ ሰው በጥፍሩ ዙሪያ፣ በጋራ መታጠቢያ ቤት በእርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን የሚቆም ሰው በውስጥ እግሩ፣ ጢሙን የሚላጭ ሰውም በምላጭ ጭረት መሥመር ላይ ሊወጣበት ይችላል። ከገባም በኋላ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ቆይቶ ስለሚታይ፣ ሕመምተኛው ከየት እንደ ያዘው ማወቅ አይሆንለትም። ሰው ደግሞ ምክንያቱን ያላወቀውን ነገር ያለ ምክንያት አይተወውም፤ ከራሱ አንድ ምክንያት ይፈጥርለታል።

የዚህ ምስክር እኔው ነኝ። ዕድሜዬ 9 ዓመት ገደማ ሳለ በቀኝ እጄ አመልካች ጣት ላይ አንድ ኪንታሮት ወጣብኝ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት እንዳዩት፣ «ኮከብ ቆጥረህ ነው!» አሉኝ። ልጅ ኮከብ ሲቆጥር የትኛውን ጣት እንደሚቀስር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ፍርዱ ይግባኝ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሕክምናው ተጀመረ። በመጀመሪያ አጎቴ ከፈረስ ጭራ አንዲት ጸጉር ነቅሎ፣ የኪንታሮቱን ግርጌ ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ጣቴ ከማበጡ በቀር ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ታላቅ ወንድሜ የቁልቋል ቅርንጫፍ ሰብሮ ነጩን ወተት አንጠባጠበበት። እኔም በልጅነት ጠባይ በዚያው ጣቴ ዐይኔን አሸሁት። ሁለት ቀን ሙሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ ዐይኔን ጨፍኜ አለቀስሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብርሃኔ ተመለሰልኝ፤ ኪንታሮቱ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ተሰላችቶ ተወው። ዓመት ሊሆነው ጥቂት ሲቀረው አክስቴ ከገጠር መጣችና እሬት ቆርጣ፣ ጧትና ማታ ጣቴን ትቀባኝ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኪንታሮቱ ከስሞ፣ ቦታው እንኳ እስከማይታወቅ ድረስ ጠፋ። አክስቴም በሰፈሩ ውስጥ የኪንታሮት ባለመድኃኒት ተብላ ተጠራች፤ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎችም ደጃችንን ያዘወትሩ ነበር። እኔም አድጌ ይህን ጉዳይ እስካጠናሁበት ጊዜ ድረስ እሬት የኪንታሮት ፍቱን መድኃኒት እንደ ሆነ አምን ነበር።

አድማጮቼ ሆይ፤ እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ሕመም ነው። ሰውነታችን የገዛ ራሱ ዘበኛ አለው፤ ይህ ዘበኛ ቫይረሱን ወዲያው ባያውቀውም፣ ከወራት በኋላ ይነቃና ያባርረዋል። በ1963 በታተመ አንድ ጥናት ሁለት ሐኪሞች በአንድ ተቋም የሚኖሩ ልጆችን ለ2 ዓመት ቢከታተሉ፣ ከኪንታሮቶቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል ያለ ሕክምና ጠፍተው አገኟቸው። በአዋቂዎች ላይ ጊዜው ይረዝማል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ኪንታሮት የወጣበት ሰው አንዱን መድኃኒት ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ኪንታሮቱም የመሄጃው ቀን ሲደርስ ይሄዳል። በዚያች ቀን በእጁ ላይ የተገኘው መድኃኒት ምስጋናውን ሁሉ ይወስዳል። የፈረሱ ጭራ ዓመት ሊሆነው ጥቂት ሲቀረው ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ ባለዝናው አጎቴ በሆነ ነበር።

ይህ ስሕተት በሀገራችን ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2002 በአሜሪካን አገር ሐኪሞች 51 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ የዕቃ ማሸጊያ ጠንካራ ፕላስተር በኪንታሮቱ ላይ ቢለጥፉባቸው፣ ለግማሾቹ ደግሞ በብርድ የማቃጠል ሕክምና ቢሰጧቸው፣ ፕላስተር ከተለጠፈባቸው 85 ከመቶ፣ በብርድ ከታከሙት 60 ከመቶ ዳኑ። ወሬው በዓለም ተሰማና ብዙ ሰው ፕላስተር ገዛ። ነገር ግን በ2006 በሆላንድ አገር በ103 ተማሪዎች ላይ እንደ ገና ሲመረመር፣ ከ6 ሳምንት በኋላ በፕላስተሩ የዳኑት 16 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተደረገላቸውም እምብዛም አልተሻሉም። የተማረው ሐኪም እንኳ በዚህ ነገር የሚሳሳት ከሆነ፣ በአክስቴ ላይ መፍረድ አይገባም።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ኪንታሮት ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛው ምክር ትዕግሥት ነው። ኪንታሮቱ የማያምና ከሥራ የማያግድ ከሆነ፣ በተለይም በልጅ ላይ የወጣ ከሆነ፣ ምንም ሳያደርጉ መጠበቅ ከሕክምናዎቹ አንዱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በኪንታሮት ምክንያት ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከችኮላ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ምክር፣ መታገሥ ላልቻለ ወይም ሲራመድ ለሚያመው ሰው የሚሆን ነው። በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ሕክምናዎች ሁሉ በብዙ ምርመራ ተፈትኖ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ሳሊሲሊክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ነው። ለእጅ ብዙ ጊዜ 17 ከመቶ ያህል የሆነው ፈሳሽ፣ ለውስጥ እግር ደግሞ እስከ 40 ከመቶ የሚደርሰው በፕላስተር መልክ የተሠራው ይሰጣል። አጠቃቀሙም እንደሚከተለው ነው። ማታ ከመተኛት በፊት ቦታውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ ከዚያ የራሰውን ሙት ቆዳ ደም እስኪወጣ ሳይደርስ፣ ተረከዝ በሚፈተግበት ሻካራ ድንጋይ በቀስታ መፈግፈግ፤ አድርቆ በዙሪያው ያለውን ደኅና ቆዳ ቫዝሊን መቀባት፤ በመጨረሻም መድኃኒቱን በኪንታሮቱ ላይ ብቻ አኑሮ ሲደርቅ በፕላስተር መሸፈን ነው። ይህ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ይደረጋል። ቦታው ቢቆስል ጥቂት ቀን አቋርጦ እንደ ገና መጀመር ነው። ድንጋዩንም ለሌላ ሰው ወይም ለጤነኛው ቆዳ ማዋል አይገባም፤ ቫይረሱን ይዘራዋልና።

እዚህ ላይ ሳልሸሽግ የምነግራችሁ ነገር አለ። ይህም መድኃኒት ቢሆን ተአምር አይሠራም። የመዳንን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል እንጂ ለሁሉ አይሰምርም። ከአንድ ሳምንት በኋላ «አልረባኝም» ብሎ የሚጥለው ሰው ግን መድኃኒቱን ሳይሆን ትዕግሥቱን ነው የፈተነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ የእግሩ ስሜት የደነዘዘበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳይጠይቁ ይህን መድኃኒት አይጠቀሙበት። በፊትና በኀፍረተ ሥጋ ላይም ፈጽሞ አይደረግም።

ሦስተኛው ምክር ማድረግ ስለማይገባን ነገር ነው። የመኪና ባትሪ አሲድ በኪንታሮት ላይ የሚያንጠባጥቡ ሰዎች አሉ፤ አሲዱ ኪንታሮቱን ከቆዳው ለይቶ አያውቅም፤ እስከ ጅማትና እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዐይን ውስጥ ከገባም እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል፤ ድንገት ቢገባ ጊዜ ሳይሰጡ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ በጨርቅ አስሮ ማደርም እንደ እሳት ቁስል ያለ ቁስል ያወጣል። በምላጭ መቁረጥ ቫይረሱን በዙሪያው ወዳለው ቆዳ በመዝራት አንዱን ኪንታሮት ብዙ ሊያደርገው ይችላል፤ ምላጩ የጋራ ከሆነ ደግሞ ከኪንታሮት የከፉ በሽታዎችን ያስተላልፋል። የፈረስ ጭራ ማሰርም ቁስልና መግል፣ አንዳንድ ጊዜም መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል። እሬትን በተመለከተ፣ ስለ አክስቴ ክብር ስል ብቻ ሳይሆን በእውነትም አልከለክልም፤ ባይፈውስ እንኳ እንደ ሌሎቹ አይጎዳምና።

በቤት ውስጥ ያልዳነ ኪንታሮት በሐኪም ቤት ይታከማል። ሐኪሞች ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ቦታውን በየጥቂት ሳምንቱ ያቃጥሉታል፤ ሌሎችም ዘዴዎች አሏቸው። በአዲስ አበባ በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የሌሎችን የቆዳ በሽታዎች ሕክምናም ይሰጣል። ጥንት በሥጋ ደዌ ሕሙማን ስለ ታወቀ ወደዚያ መሄድን የሚያፍሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ለቆዳ ሕመም ቆዳ ወደሚታከምበት ስፍራ መሄድ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስመሰግን ነው።

አሁን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ፣ ሁላችን «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው በግራ እግራቸው ተረከዝ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ወጣባቸው። «ኪንታሮት ነው» አሉ። በምላጭ ፈቀፈቁት፤ ደማ፤ እንደ ገና ወጣ። ሰው የነገራቸውን ቅባት ሁሉ ቀቡት። ጫማቸውን ከኋላ ረግጠው እያነከሱ ሲሄዱ እናያቸው ነበር፤ ስንጠይቃቸውም፣ «ምንም አይደል፣ ኪንታሮት ነው» ይሉን ነበር። እኛም ስሙን ስንሰማ ነገሩን ቀላል አድርገን አለፍነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በብሽሽታቸው ላይ ዕጢ አብጦ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ሐኪሙ ከተረከዛቸው ላይ ናሙና ወስዶ አስመረመረ። የተገኘውም ኪንታሮት ሳይሆን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነበር።

ይህ ካንሰር በነጮች ላይ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በሀገራችን የሚወደደው ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሊም በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው በሽታ ነበር፤ መጀመሪያ በእግር ኳስ ጨዋታ የደረሰበት ጉዳት መስሎ ታይቶ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

ስለዚህ ተራውን ኪንታሮት ከሌላው ለይታችሁ ዕወቁ። ኪንታሮት ሻካራ ነው፤ የቆዳችን መሥመሮች እሱ ዘንድ ሲደርሱ ይቋረጣሉ፤ ላዩ ሲፈገፈግ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታዩበታል፤ እነሱም የረጋ ደም ያለባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። መጅ ግን የቆዳው መሥመሮች ሳይቋረጡ በላዩ ያልፋሉ፤ ነጥብም የለውም። ነገር ግን ጥቁረቱ እንደ ፈሰሰ ቀለም የሚሰፋ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ መልኩ የተዘበራረቀ፣ ሳይነኩት የሚደማ፣ የማይድን ቁስል የሆነ፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም በጥፍር ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መሥመር ያለበት ከሆነ፣ እንዲሁም በጎልማሳነት ወይም በእርጅና ዘመን አዲስ የወጣ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሳታሳድሩ ለሐኪም አሳዩት። ኪንታሮቱ በድንገት እጅግ የበዛበት ሰውም የሰውነቱ ዘበኛ ደክሞ እንደ ሆነ እንዲመረመር ያስፈልጋል።

በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ የሚወጣውም እንዲሁ የሐኪም ጉዳይ ነው። እሱን የሚያመጡት የቫይረሱ ዓይነቶች ከእጁ የተለዩ ናቸው። የዚሁ ቤተ ሰብ ሌሎች ዓይነቶች፣ በተለይም 16ኛውና 18ኛው፣ የማኅፀን በር ካንሰር ያመጣሉ፤ ይህን የደረሱበት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በሀገራችንም በ2018፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.፣ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች የመከላከያ ክትባቱ መሰጠት ተጀምሯል። ሴት ልጅ ያላችሁ አድማጮች ክትባቱ ሲመጣ እንዳያመልጣት ትጉ። የእጅ ኪንታሮት ያለባት ልጅ ግን ካንሰር ይዟት ይሆን ብላችሁ አትሥጉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ጋሼ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። በሽታው ግን ቀድሞ ተሠራጭቶ ስለ ነበር ከዓመት ብዙ አልዘለቁም። ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ኪንታሮት ያልሁት እኔው ነኝ፤ ሐኪም አልነገረኝ። አንተ ለሕዝብ የምትናገር ሰው ነህ፤ ስም ሳያወጡለት በፊት ያሳዩት፣ በላቸው።»

ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ስለዚህ ነው። አብዛኛው ኪንታሮት ምንም ሳያደርጉት የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉበት፣ አታቃጥሉት፣ አትቁረጡት። ነገር ግን እንግዳው እሱ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ። በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ውስጥ እግር ዛሬ ማታ እግራቸው ሲታጠብ አንድ ጊዜ ተመልከቱላቸው። ይህን ያህል ካደረጋችሁልኝ የጋሼን አደራ እንዳደረስሁ እቆጥረዋለሁ።